ሕጉ የግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሚኒስትሮች ምክር ቤት

ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ቤታችን ውስጥ የሰው ልጅ ለምናሠራ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ቤት ሠራተኞች ይወጣል የተባለውን ደንብ ይመለከታል

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

እንደምን ከረማችሁ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የሁለት ዓመት ልጅ እናት ነኝ፤ ቢሮ እሠራለሁ። ጠዋት ከቤት ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም የምችለው አንዲት ልጅ ልጄን ስለምትይዝልኝ ነው። እሷ አንድ ቀን ብትቀር እኔም ከሥራ እቀራለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው መሃል ላይ «አንቺስ?» እንዳትሉኝ ነው። እኔም አለሁበት።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ደንብ ነው። ይወጣል ተብሎ በአዋጅ የተጻፈ፣ ግን ያልወጣ ደንብ። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ወደ 1999 ዓ.ም. ልመልሳችሁ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነበር። ቆጣሪው እኛ ቤት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ወጣት ነው፣ መምህር ይመስለኛል። ትልቁን ቅጽ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሳሎን ተቀመጠ። እናቴ ቡና አስፈላችለት። አማርኛችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አመቺ ነው፤ «አስፈላች» ይልና ማን እንዳፈላ ሳይናገር ያልፋል።

አባቴ ተጻፈ። እናቴ ተጻፈች። እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ተጻፍን። ከዚያ ቆጣሪው ወደ ጓዳ አየት አደረገና «እሷስ?» አለ።

«ሠራተኛችን ናት።»

«ዕድሜ?»

እናቴ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ እናቴን አየቻት።

«ስንት ነሽ አንቺ?»

«እንጃ እትዬ።»

«አሥራ ስምንት በለው» አለች እናቴ። ቆጣሪው ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። ረከቦቱን እንደያዘች ቆማለች። ጻፈው።

እኔ ያኔ 13 ዓመቴ ነው። ጎን ለጎን ስንቆም በቁመት እበልጣታለሁ። ልብስ የምታጥብበት የሲሚንቶ ገንዳ አይደርስላትም ነበር፤ ቀይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቆምበታለች። በመንግሥት መዝገብ ላይ 18 ዓመት የሞላት ሴት፣ በለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ የእኔን ዩኒፎርም ታጥባለች።

ቆይቶ ዕድሜዋን በሂሳብ ደረስኩበት። እናቷ እሷን አርግዛ ሳለ አባቷ ስለ ሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለመወያየት ተብሎ ቀበሌ ተሰብስቦ እንደነበር ሰምታለች። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ሲመጣ 12 ብትሆን ነው። ልጅቷና ሕገ መንግሥቱ እኩያ ናቸው። በዚያ ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጠረ፤ ከእነዚህ መካከል ቢያንስ የአንዷ ዕድሜ በእናቴ ግምት የተሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ስለዚህ ከእሷ በኋላ በየቤቱ የገቡትን ማንም በውሸት እንኳ አልጻፋቸውም።

ስሟን እዚህ አልጽፍም። ልጽፍ ብልም ትክክለኛውን አላውቀውም። የመጣች ዕለት እናቴ ስሟን ሰምታ «ይሄ ስም ለአፍ አይመችም» አለችና የከተማ ስም አወጣችላት። በዚያው ቀረ። በዘመኑ ይህ ነውር አልነበረም፣ እንዲያውም እንደ ደግነት ይቆጠር ነበር።

አሁን የዚያችን እኩያዋን፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አውጥታችሁ አንብቡት። ስለ ሕፃናት መብት ነው። እያንዳንዱ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጉልበቱን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ፣ በትምህርቱ፣ በጤናውና በደኅንነቱ ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሥራ እንዲሠራ ያለመገደድ መብት አለው ይላል። ቆንጆ አንቀጽ ነው። ስለ አካል ቅጣት የሚናገረውን ስታነቡ ግን ቆም በሉ። ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። በትምህርት ቤት፣ በተቋም። ጓዳ ትምህርት ቤትም ተቋምም አይደለም።

ከዚያ በፊትም ቃል ገብተናል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በግንቦት 14 ቀን 1991 ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። አዲስ አበባ በር ላይ ጦርነት እያለ ስለ ሕፃናት መብት ፈርመናል። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ይገርመኛል፣ አንዳንዴ ያስቀኛል። መፈረም ላይ ሰንፈን አናውቅም።

እንግዲህ ወደ ደንቡ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከቴሌግራም አውርጄ ማታ ማታ አነበብኩት። ስለ ወጣት ሠራተኞች ጥሩ ጥሩ ነገር አለው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ በፊት በነበረው አዋጅ 14 ነበር፣ አንድ ዓመት ጨምረውለታል። ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይቻልም። ትርፍ ሰዓት የለም። በሳምንት ዕረፍት ቀኑ አይሠራም፣ በበዓል አይሠራም። ይህን ሳነብ የኛን ቤት ልጅ በበዓል ዋዜማ ሌሊት አስታወስኳት። ዶሮው ተገነጣጥሎ ሳፋ ውስጥ ነው፣ ሰዓቱ ከስምንት አልፏል፣ እሷ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። እንቅልፍ ሲጥላት እናቴ «አይዞሽ ነገ ትተኛለሽ» ትላለች። ነገ በዓል ነው። እንግዳ ይመጣል።

ታዲያ ሕጉ እሷን ይመለከታል? አንቀጽ 3 ላይ ነው መልሱ። ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ የሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ፋብሪካ ካለህ ሕግ አለብህ። ሱቅ ካለህ ሕግ አለብህ። ቤት ብቻ ካለህ የለብህም። እዚያው አንቀጽ 3፣ ንዑስ አንቀጽ 3፣ ፊደል ሐ ላይ ግን አንድ ቃል ኪዳን አለ። የግል አገልግሎት የሥራ ሁኔታ የሚገዛበትን ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣል ይላል። እናንተ ናችሁ።

ይህ ቃል ከ2011 የመጣ አይደለም። ከእሱ በፊት በነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም አለ፤ ያው አንቀጽ፣ ያው ፊደል ሐ። አዋጁ ተሻረ፣ አዲስ ወጣ፣ ፊደል ሐ ተገልብጣ መጣች። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ደንቡን ፈልጌ አላገኘሁትም። የሚያውቁ ጠበቆችን ጠየቅኩ። አንደኛው ሳቀና «እኔ ተማሪ ሳለሁም ይወጣል ይባል ነበር» አለኝ። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል።

እርግጥ ባዶ ሜዳ አይደለም ትሉኛላችሁ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት አገልጋዮች ጥቂት አንቀጾች አሉት። ጥቂት ናቸው ብቻ ሳይሆን የጃንሆይ ዘመን ናቸው፤ ስለ ደሞዝ ወለልም፣ ስለ ቁጥጥርም፣ ስለ ትምህርትም አይናገሩም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ አለ። ልጅን የሚያሳድግ ወይም የሚጠብቅ ሰው ልጁን ቢበድል፣ ቢደበድብ ወይም ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው። አያችሁ፣ ሕጉ ነገሩን ያውቀዋል፣ ስሙንም ጠርቶታል። ግን ማን ይከሳል? ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያው የት እንዳለ አታውቅም። ጎረቤት ያውቃል፤ ጎረቤትም ግን እሱም ቤት አንዷ አለች።

ይበልጥ የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ የሰው ቤት ልትሠራ ብትፈልግ ሕግ አለላት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጥቶላታል። 18 ዓመት ሊሞላት ይገባል። የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ አለባት። የሥራ ውሏ በመንግሥት መጽደቅ አለበት። ላኪው ኤጀንሲ ፈቃድ ማውጣት፣ ዋስትና ማስያዝ አለበት። በተግባር ስንቱ ይፈጸማል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው፤ ቢያንስ ግን ሲጣስ «ተጣሰ» የሚባል ነገር አለ። ያቺው ልጅ ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥታ አዲስ አበባ፣ የእኔ ቤት ብትገባ ግን ምንም። ምዘና የለ፣ ውል የለ፣ የሚያጸድቅ የለ። ለዓረብ ማዳም የጻፍነውን ለራሳችን እትዬዎች መጻፍ አቃተን። የሌላ አገር ቤት በር ማንኳኳት ከራሳችን በር ይቀላል መሰለኝ።

አመጣጣቸውን ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ መናኸሪያ ይገባል። ደላላው ማን አዲስ እንደሆነች ከአወራረዷ ያውቃል፤ ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗ መሬት መሬት እያየ። «እህቴ ሥራ ትፈልጊያለሽ?» ነው መጀመሪያው። ሌላዋን ደግሞ አክስት ነኝ የሚል ሰው ያመጣታል፣ «አስተምራታለሁ» ብሎ ለወላጆቿ ቃል ገብቶ። አንዳንዷ ራሷ ነው የምትመጣው፤ ሊድሯት ሽማግሌ ሲመላለስ ሰምታ ሌሊት የጠፋች ብዙ ናት። ሰውን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀል ነው፣ በአገር ውስጥም ቢሆን። ደላላው ግን ራሱን «አገናኝ» ነው የሚለው። እኛም እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ ስልኩንም በዚሁ ስም ነው ያስቀመጥነው።

ይህን ስጽፍ የሌሎቹን ልጆች ረስቼ አይደለም። ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ሸማ ላይ የሚቀመጠውን ልጅ አውቃለሁ። ሊስትሮውን አውቃለሁ፣ ከብት ጠባቂውን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በሕፃናት የጉልበት ሥራ ላይ የተሰማሩት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጥር ወደ 16 ሚሊዮን ነበር፤ አብዛኛዎቹም በግብርና። የቤት ሠራተኞቹ ከዚህ ውስጥ ትንሽ ክፍል ናቸው። ሊስትሮውን ግን መንገድ ላይ ስታልፉ ታዩታላችሁ፣ ሊስትሮውም እናንተን ያያችኋል። ከግቢ የማትወጣውን ማን ያያታል?

አንድ የምትታይበት ሰዓት አለ። አመሻሽ ላይ፣ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙ። የቀን ተማሪዎች ወጥተዋል። ከዚያ የማታዎቹ መምጣት ይጀምራሉ። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ነጠላ ወይም የሰው ሹራብ። እጃቸውን እዩት፤ ጣታቸው በኦሞ ነጭ ሆኗል። እየሮጡ ነው የሚመጡት፣ እራት ጥደው ስለሚወጡ። እየሮጡ ነው የሚመለሱት፣ በር ሳይዘጋባቸው። 16 ዓመት ሆኗት ሦስተኛ ክፍል የምትማር አለች፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣም አለች። እነዚህ ዕድለኞቹ ናቸው፤ ያለቻቸው እትዬ የፈቀደችላቸው። መማር የእትዬ ፈቃድ የሆነበት አገር ነው ያለነው።

አሁን እኔ ቤት ስላለችው ልንገራችሁ።

ያገኘኋት በደላላ ነው። መታወቂያ አሳየኝ፣ ተያዥ አቀረበ። መታወቂያው 19 ይላል። ደስ አለኝ፤ እኔ እንደ እናቴ አይደለሁም አልኩ በልቤ። አራት ወር ከቆየች በኋላ አንድ ማታ ልጄን አስተኝታ ስትወጣ ስለ ልደት ወሬ ተነሣ። «እኔ እኮ ጥር ላይ 17 ዓመት ይሞላኛል» አለችኝ። 16 ናት። መታወቂያውን እንዴት አወጣሽ ስላት ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

እዚህ ላይ የልደት ምዝገባን ሳላነሣ አላልፍም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 አንድ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ምዝገባው በመላ አገሪቱ በተግባር የተጀመረው ግን በ2008 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከመቶ 3 ብቻ ነበሩ። ሦስት። ያኔ ሕፃን የነበሩት ናቸው አሁን ደላላ ፊት የሚቆሙት። ልደቷ ያልተመዘገበ ልጅ 19 ናት ቢሏት 19 ናት። በ1999 እናቴ በአፏ ያደረገችውን አሁን ማኅተም ያደርገዋል።

እና ምን ይደረግ? እኔና ባለቤቴ ሦስት ቀን ተነጋገርን። ብናሰናብታት ወደ ደላላው ነው የምትመለሰው። ዝም ብንል የእናቴን ቤት ደገምን። በመጨረሻ ሕጉ ባይመለከተንም እንደሚመለከተን አድርገን እንሥራ አልን። ውል ጻፍኩ። አንድ ገጽ። የቀን ሥራ 7 ሰዓት። እሑድ ዕረፍት። ማታ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ በእኛ። ደሞዝ በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ደብተር ይገባል፣ ለአክስት ለአጎት አይሰጥም። አልጋዋ ጓዳ ውስጥ አይሆንም። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሑድ የሚለው ጋ ስደርስ «እሑድ የት እሄዳለሁ?» አለች። ያላሰብኩበት ጥያቄ ነበር። እዚች ከተማ ውስጥ ከእኔ ቤት ሌላ የምታውቀው ቦታ የለም።

እውነቱን ልናገር፤ 7 ሰዓት አልበቃንም። ባለቤቴ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት ጀመረ፣ እኔ ልብሴን ቅዳሜ ራሴ አጥባለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንዳንድ ቀን 8 ይሆናል፣ ልጄ የታመመ ሰሞን 9 ሆኗል። ግድግዳ ላይ በሰቀልነው ካሌንደር እጽፈዋለሁ። ቀላል ነው ብዬ አልዋሻችሁም። የከተማው ሴት ወጥታ የምትሠራው ሌላዋ ሴት፣ ብዙ ጊዜም ልጅ፣ በርካሽ ስለገባችላት ነው። ደንቡ ያልወጣው ለዚህ ይሆን ብዬ የማስብበት ቀን አለ። ደንቡን የሚያረቅቀው ሰውዬ ሸሚዝም በማን ተተኩሶ ነው የሚመጣው?

ውሉን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ከታች ወደ ላይ ላኩኝ፣ ከላይ ወደ ጎን። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ሰው ፊት ተቀመጥኩ።

«ድርጅቱ ማን ነው?»

«ድርጅት አይደለም፣ ቤቴ ነው።»

«ንግድ ፈቃድ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታስመዘግቢው?»

ነገርኩት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ማዘኑ ያስታውቃል። «እህቴ፣ ለቤት ሠራተኛ ፎርም የለንም» አለኝ። «በቃል መስማማት ነው የሚሻልሽ። ደግሞ እዚህ ላይ 16 ብለሻል። ይሄን ሰው ፊት አታሳዪ።» ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛም ቤት አንዷ አለች» አለ። የእሷን ዕድሜ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ልብ በሉልኝ። 19 ብዬ ብዋሽ ማንም አይነካኝም ነበር። እውነቱን ጽፌ በፈቃዴ ልመዝገብ ስል ነው ቦታ የጠፋው።

«የሰው ቤት የግል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፣ አንቀጽ 26 የሰውን መኖሪያ ያከብራል። ተቆጣጣሪ ሌሊት በር ይስበር አላልኩም። ያቺ ጓዳ ግን የእኔ መኖሪያ ብቻ አይደለችም፣ የእሷ የሥራ ቦታ ናት። «ሕግ ከጠበቀ ሰው መቅጠር ያቆምና ልጆቹ መንገድ ላይ ይወድቃሉ» የሚልም አለ። ይህኛው ያሳስበኛል፤ በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። ለዚህ ነው 15 የሞላቸውን ሁሉ በአንድ ቀን ከየቤቱ አስወጡ የማልለው። ከ15 በታች ግን ድርድር የለውም፤ 12 ዓመት ላይ ያለች ልጅ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ሌሊት አይቼዋለሁ። «ገጠር ብትቀር ይድሯት ነበር» የሚሉኝ ደግሞ ዘመዶቼ ናቸው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። አንዱ ሕግ ተጥሶ አመለጠች ማለት ሌላው ሕግ የሌለበት ቤት ትግባ ማለት ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፊደል ሐን ፈጽሙ። ደንቡ ሲወጣ ወረዳ ላይ እንደ እኔ ያለ ሰው ውሉን የሚያስገባበት መስኮት ይኑር፤ ፎርሙ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ወጣት ሠራተኛ ላይ ያለው የሰዓትና የሌሊት ገደብ ጓዳም ይድረስ። ማታ ትምህርት የእትዬ ፈቃድ መሆኑ ይቅር፣ የውሉ አካል ይሁን። ደሞዝ በልጅቷ ስም ይከፈል። ደላላው ፈቃድ ይኑረው፣ ስንት ልጅ የት ቤት እንዳስገባም መዝገብ ይያዝ፤ ይህች ብቻዋን እንኳ ብትሆን ግማሽ መንገድ ናት። ከሁሉም በላይ ልጅቷ ስልክ ደውላ በገዛ ቋንቋዋ የምታናግረው ሰው ይኑር። ኦሮምኛ ብቻ፣ ወላይትኛ ብቻ እየተናገረች ነው የምትመጣው፤ አማርኛን የምትማረው ከትእዛዝ ነው። መጀመሪያ የምትለምዳቸው ቃላት «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ቶሎ በይ» ናቸው።

የመዝገብን ነገር ይህን ያህል የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የልጅነቴ ልጅ እኛ ቤት አራት ዓመት ኖረች። በወር 60 ብር ነበር ደሞዟ፣ በኋላ ጨምሯል። አጎቷ ነኝ የሚል ሰው በየሦስት ወሩ እየመጣ ብሩን ይወስዳል። አባቴ ቆጥሮ ይሰጠዋል፣ ሰውዬው ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አንድ ክረምት መጥቶ እሷንም ይዟት ሄደ። እናቷ ታማለች አለ። ከመሄዷ በፊት ያጠበችውን ልብስ ሳታሰጣ ነው የወጣችው፣ ሳፋው ውስጥ ቀረ። ሰውዬውን ማን ነህ፣ መታወቂያህን አሳየን ያለው የለም። የት እንደወሰዳት የጠየቀም የለም። እናቴ በሳምንቱ ሌላ አገኘች።

ልፈልጋት ሞክሬያለሁ። በየትኛው ስም ልፈልጋት? ስሟ እናቴ ያወጣችው ነው። ዕድሜዋ እናቴ ያስገባችው ነው። ፎቶ የለንም። ውል የለ፣ መዝገብ የለ፣ የባንክ ደብተር የለ። ያቺ ልጅ እኛ ቤት ለመኖሯ ያለው ማስረጃ አንድ የቆጠራ ቅጽ ነው፤ እሱም ላይ የተጻፈው ውሸት ነው።

ያ መሥሪያ ቤት የመለሰልኝን ውል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የእሷ ፊርማ አለበት፣ በራሷ እጅ፣ ትንሽ ጠመም ያለ። የእኔም አለበት። ስሟና አድራሻችን በጥቁር ተሸፍኗል፣ ዕድሜዋ ግን እንደተጻፈ ነው። ከታች በስተቀኝ ለማኅተም የሚሆን ቦታ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአዲስ አበባ ነዋሪ

አባሪ፦ አንድ ገጽ